ከናፖሊ እስከ ወረታ መገንጠያ፦ የሲቲ ስካን ጨረር እንዴት ቀነሰ?

የአድዋ ጦርነት ካበቃ ከሁለት ወር በኋላ፣ በሜይ 1896፣ ጁሴፔ አልቫሮ የተባሉ የጣሊያን ጦር ሐኪም ናፖሊ በሚገኘው ወታደራዊ ሆስፒታል ሁለት ቁስለኞችን ዓለም ገና ባልለመደው መሣሪያ ፊት አስቀመጡ። ሰዎቹ ከኢትዮጵያ ዘመቻ የተመለሱ ወታደሮች ነበሩ፤ ጥይት ክንዳቸው ውስጥ ቀርቷል። ሐኪሙ ሥጋ ሳይቆርጡ ጥይቱ ያለበትን ቦታ አዩ። ራጅ ለጦር ቁስለኛ ከዋለባቸው አጋጣሚዎች መካከል በታሪክ ቀድሞ የተመዘገበው ይኸው ነው። ስለዚህ ኢትዮጵያ የራጅ ታሪክ ውስጥ የገባችው በታካሚነት ሳይሆን በተኳሽነት ነው ማለት ይቻላል።

ዛሬ ነገሩ ሌላ ነው። ፎገራ ውስጥ ካሉት ከቁሐር ሚካኤል ወይም ከወረታ በሚኒባስ ተጭኖ ባሕር ዳር የደረሰ የአደጋ ቁስለኛ «ሲቲ ስካን ይነሣ» ሲባል አስታማሚው መጀመሪያ ዋጋውን ይጠይቃል። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጨረሩ አይጎዳውም ወይ?» ይላል። የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው፤ «ምንም አይል» ወይም «ግድ ነው»። ከዚህ አጭር መልስ ጀርባ ግን መቶ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆነው ታሪክ አለ። (ከዚህ በታች ከኢትዮጵያ አዋጆች ዓመት በቀር «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ከ1895 እስከ 1928፦ እጅ የበላው ብርሃን

ቪልሄልም ሮንትገን በኖቬምበር 1895 ቩርዝቡርግ በተባለችው የጀርመን ከተማ አዲሱን ጨረር ሲያገኙ፣ ያነሡት ዝነኛ ምስል የባለቤታቸውን እጅ የሚያሳይ ነበር። ለዚያች አንዲት ምስል እጁ ሩብ ሰዓት ያህል በጨረር ፊት ቆየ። ያኔ ይህን ያህል መቆየት ጉዳት አለው ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

ጥርጣሬውን ያመጡት ባለሙያዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ በቆዳቸው። የቶማስ ኤዲሰን ረዳት ክላረንስ ዳሊ የራጅ ቱቦዎችን የሚፈትሹት የገዛ እጃቸውን እያስገቡ ነበር። እጆቻቸው ቆሰሉ፣ ቁስሉ ካንሰር ሆነ፣ ተቆረጡ፤ በ1904 ሞቱ። ኤዲሰን ከዚያ በኋላ ወደ ራጅ ሥራ አልተመለሱም። ሃምቡርግ ውስጥ በ1936 የቆመው ሐውልት በዚህ መንገድ ያለፉ የብዙ አገር ሐኪሞችና ቴክኒሻኖች ስም ተቀርጾበታል።

በ1928 ስቶክሆልም ላይ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ዛሬ ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን የሚባለውን አካል አቋቋሙ። የእርሳስ ሽርጥ፣ የእርሳስ ግድግዳ፣ የሥራ ሰዓት ገደብ ቀስ በቀስ መጡ። ያ ትውልድ ያወጣው ደንብ በዋናነት የሚጠብቀው ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውን ሰው ነበር፤ የተኛውን ሰው ጉዳይ ለሐኪሙ ፍርድ ተወው። ይህ ክፍተት ከሰባ ዓመት በኋላ ሲቲ ስካን ላይ ጣጣ ይዞ ይመጣል።

በራጅ ዘመን ግን በሽተኛውን የሚጠብቅ አንድ ነገር ነበር፦ ፊልሙ ራሱ። ጨረር የበዛበት ፊልም ይጠቁራል፤ የጠቆረ ፊልም ደግሞ አይነበብም። ቴክኒሻኑ ሲሳሳት ስሕተቱ ወዲያው ተንጠልጥሎ ይታያል፣ ሐኪሙም ይቆጣል።

ከ1956 እስከ 1979፦ ከኬፕታውን የተነሣ ስሌት

የሲቲ ስካን ሐሳብ አንዱ ምንጭ አፍሪካ ነው። በ1956 ኬፕታውን የሚገኘው ግሩት ስኩር ሆስፒታል የራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች አጠቃቀሙን የሚቆጣጠር የፊዚክስ ሰው ቸገረው። በዩኒቨርሲቲው ያስተምሩ የነበሩት አለን ኮርማክ ቦታውን በትርፍ ሰዓት ያዙ። እዚያ ሆነው አንድ ነገር አሳሰባቸው፤ ሐኪሞች ለካንሰር ሕክምና ጨረር ሲሰጡ የሰውን አካል ወጥ ሥጋ እንደሆነ አድርገው ነበር የሚያሰሉት፤ አጥንትም ሳንባም እኩል። ጨረሩ ከብዙ አቅጣጫ አልፎ ቢለካ የውስጡን መልክ በሒሳብ መልሶ መሥራት እንደሚቻል ኮርማክ አሳዩ። ጽሑፋቸው በ1963 እና በ1964 ታተመ። የሰማቸው የለም ማለት ይቻላል።

እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ኢኤምአይ በተባለው ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ የኮርማክን ሥራ ሳያውቁ እዚያው ሐሳብ ላይ ደረሱ፣ ማሽኑንም ሠሩ። ኦክቶበር 1 ቀን 1971 ለንደን በሚገኘው አትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል የአንጎል ዕጢ የተጠረጠረባት ሴት ተነሣች። ዕጢው ታየ። በ1979 ሁለቱ ሰዎች የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ።

ሐኪሞቹ ለምን እንዲህ እንደተደሰቱ ለመረዳት ከዚያ በፊት የነበረውን ማወቅ ያስፈልጋል። ተራ ራጅ የራስ ቅልን እንጂ አንጎልን አያሳይም። ስለዚህ በጀርባ አጥንት በኩል አየር ይነፋ ነበር፤ አየሩ ወደ አንጎል ክፍተቶች ወጥቶ ጥላ እንዲሠራ። በሽተኛው ለቀናት በራስ ምታት ይሠቃያል። ሲቲ ስካን ይህን ሥቃይ ሲያስቀር ጨረሩ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ ቢጠፋ አይገርምም።

መጠኑ ግን ትንሽ አልነበረም። የሰው ልጅ ከአፈር፣ ከአየርና ከሰማይ በተፈጥሮ የሚደርሰው ጨረር በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) ነው። አንድ የደረት ራጅ ከ0.1 ሚሊሲቨርት አይበልጥም። የራስ ሲቲ ስካን 2 ያህል፣ የሆድ ሲቲ ስካን ደግሞ 8 ሚሊሲቨርት ገደማ ይሰጣል። አንድ የሆድ ሲቲ ከሰማንያ የማያንስ የደረት ራጅ ማለት ነው።

በዚያ ላይ የፊልሙ ቁጣ ቀረ። ሲቲ ስካን ምስሉን የሚሠራው በኮምፒውተር ስለሆነ ጨረር ሲበዛ አይጠቁርም፤ እንዲያውም ያምራል። ጨረር ሲያንስ ምስሉ ላይ ነጠብጣብ ይበተናል፤ ነጠብጣቡን በግማሽ ለመቀነስ ጨረሩን አራት እጥፍ ማድረግ ይጠይቃል። ስለዚህ ራዲዮሎጂስቱ ጥርት ያለ ምስል በጠየቀ ቁጥር ባለሙያው መጠኑን ከፍ ያደርጋል፣ ሁሉም ይመሰገናል። የሚቀጥሉት ዓመታት ችግር ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

ከ1989 እስከ 2000፦ ፍጥነት

የመጀመሪያዎቹ ማሽኖች የአንዲት የአካል ቁራጭ ምስል አንሥተው ቆመው፣ አልጋውን ገፍተው፣ ሌላ ቁራጭ ያነሣሉ። በ1989 ጀርመናዊው ዊሊ ካለንደር አልጋው ሳይቆም ቱቦው እየዞረ የሚያነሣበትን ዘዴ ይዘው ቀረቡ። በ1998 ደግሞ በአንድ ዙር አራት ቁራጭ የሚያነሡ ማሽኖች ወጡ፤ ስድስት ዓመት ሳይሞላ ስልሳ አራት ደረሱ። ደረትን ሙሉ በአንድ ትንፋሽ ማንሣት ተቻለ። የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ፣ የሚያለቅስ ሕፃን፣ ደም የሚፈሰው ቁስለኛ ሁሉ ማሽኑ ውስጥ መግባት ቻለ።

ፈጣን ማሽን ብዙ ሰው ያስተናግዳል። አሜሪካ ውስጥ በ1980 በዓመት 3 ሚሊዮን ያህል የነበረው የሲቲ ምርመራ በ2000ዎቹ አጋማሽ ከ60 ሚሊዮን አልፏል። አንድ ዙር የነበረው የሆድ ምርመራም ምስል የሚያጎላ መድኃኒት ሳይወጋ፣ ተወግቶ፣ ቆይቶ እንደገና እየተባለ ሁለትና ሦስት ዙር ሆነ። ጨረሩም በዙሩ ልክ ተባዛ።

በዚህ መሃል ጸጥ ያለ ግን ትልቅ ለውጥ መጣ። በ1996 ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን ለበሽተኛ ጨረር ማመሳከሪያ መጠን እንዲወጣ መከረ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ በአንድ አገር ያሉ ሆስፒታሎች ለአንድ ዓይነት ምርመራ የሚሰጡት መጠን ይሰበሰባል፤ ከመቶው ሰባ አምስቱ ከእሱ በታች የሚሆኑበት ቁጥር ይያዛል፤ ከዚያ በላይ የሚሰጥ ሆስፒታል «ለምን?» ተብሎ ይጠየቃል። ቅጣት የለውም። ሆስፒታሉ የገዛ ቁጥሩን እንዲያውቅ ብቻ ያስገድደዋል። በእኔ ግምት ከዚያ በኋላ ከመጣ ከማንኛውም ማሽን ይልቅ ጨረርን የቀነሰው ይህ ጥያቄ ነው።

ኢትዮጵያም ያኔ ሕግ አውጥታ ነበር። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ በ1957 ሲመሠረት ከአባላቱ አንዷ ብትሆንም፣ የጨረር ሥራን የሚቆጣጠር ራሱን የቻለ ብሔራዊ ባለሥልጣን ያቆመችው በአዋጅ ቁጥር 79/1986 ነው። ፈቃድ መስጠት፣ የክፍሉን ግድግዳ መፈተሽ፣ ለሠራተኛው የጨረር መለኪያ ማስያዝ ተጀመረ። በዓለም ዙሪያ በጸደቀው ደንብ ለሠራተኛ በዓመት በአማካይ 20 ሚሊሲቨርት፣ ለሕዝብ 1 ሚሊሲቨርት ገደብ አለ። ለበሽተኛ ግን ገደብ የለም። ይህ የተረሳ ነገር አይደለም፤ ሕይወት የሚያድን ምርመራ በቁጥር ሊታገድ አይገባም ተብሎ ነው። በገደብ ፋንታ የተቀመጡት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፦ ምርመራው ያስፈልጋል? ካስፈለገ መጠኑ ለዚህ ሰው ልክ ነው?

2001፦ የአባት ካፖርት ለሕፃን

ለሁለተኛው ጥያቄ መልሱ አሳፋሪ ሆኖ የተገኘው በፌብሩዋሪ 2001 ነው። በአንድ የአሜሪካ የራዲዮሎጂ መጽሔት በአንድ እትም ጥናቶች ተከታትለው ወጡ። የዶናልድ ፍሩሽና የባልደረቦቻቸው ጥናት ሆስፒታሎች ሕፃናትን ሲያነሡ የማሽኑን መጠን እንደማይቀይሩ አሳየ፤ ለጎልማሳ የተሰፋው ካፖርት ለጨቅላም ይደረብ ነበር። የዴቪድ ብሬነር ቡድን በበኩሉ ይህ ስንት ሕፃን ላይ ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል አሰላ። ስሌቱ የተነሣው በአብዛኛው ከሂሮሺማና ከናጋሳኪ ተራፊዎች ክትትል ስለነበር ብዙ ክርክር አስነሣ። ጋዜጦች ግን ክርክሩን አልጠበቁም።

ሕፃን የተለየ ጥንቃቄ የሚሻበት ምክንያት አለ። ሰውነቱ ቀጭን ስለሆነ ተመሳሳይ መጠን ውስጡ ላይ ይበረታል፤ ሴሎቹ በፍጥነት ይባዛሉ፤ በዚያ ላይ ጉዳቱ ቢኖር የሚገለጥበት ረጅም ዕድሜ ከፊቱ አለ። እዚያው ላይ መልካም ዜናም አለ፦ ቀጭን ሰውነት በትንሽ ጨረር ጥሩ ምስል ይሰጣል። መጠኑን መቀነስ አዲስ ማሽን አይጠይቅም፤ ሚሊአምፔሩንና ኪሎቮልቱን ዝቅ ማድረግ ነው።

ድንጋጤው ፍሬ አፈራ። አምራቾች ማሽኑ የሰውየውን ውፍረት በመጀመሪያዋ ቅኝት ምስል ለክቶ በትከሻ ላይ ጨረሩን ከፍ፣ በአንገት ላይ ዝቅ እንዲያደርግ የሚያስችለውን ዘዴ አስፋፉ። በጃንዋሪ 2008 የሕፃናት ራዲዮሎጂ ባለሙያዎች ሕፃናትን በቀስታ ለማንሣት ዘመቻ ጀመሩ። በ2009 ደግሞ በሰሜን አሜሪካ ከ42,000 በላይ ጭንቅላታቸውን የተመቱ ሕፃናትን የተከታተለ ጥናት ወጣ። ዕድሜው ሁለት ዓመት የሞላው፣ ንቃቱ ያልቀነሰ፣ ያላስታወከ፣ ራሱን ያልሳተ፣ የቅል ስብራት ምልክት የሌለው፣ ከባድ ራስ ምታት የሌለበትና በከባድ አደጋ ያልተጎዳ ልጅ ያለ ሲቲ በክትትል ብቻ ሊታለፍ እንደሚችል አረጋገጠ። ይህ ወድቆ ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ይዞ ለሚመጣ የፎገራ ወላጅም፣ ልጁን ለሚያየው ጤና መኮንንም በቀጥታ የሚጠቅም እውቀት ነው።

ከ2008 እስከ 2012፦ የረገፈው ፀጉር

አውቶማቲክ ማሽን ግን የራሱን አደጋ ይዞ መጣ። ሎስ አንጀለስ የሚገኘው ሲዳርስ ሳይናይ የታወቀ ሆስፒታል ነው። በፌብሩዋሪ 2008 ለስትሮክ በሽተኞች የአንጎል የደም ዝውውር ምርመራ ማሽኑ ላይ የተጫነውን ትእዛዝ ለማሻሻል ቀየሩት። ለውጡ ያልታሰበ ውጤት አስከተለ፤ በሽተኞቹ ከሚገባው ስምንት እጥፍ ጨረር ይደርሳቸው ጀመር። አሥራ ስምንት ወር ሙሉ ማንም አላወቀም። ከ200 በላይ ሰዎች አለፉበት። የታወቀው በ2009 አንድ በሽተኛ ፀጉሩ በረገፈ ጊዜ ነው።

በጣም የሚያስደነግጠው ዝርዝር ሌላ ነው። ማሽኑ የሚሰጠውን መጠን በየምርመራው በስክሪኑ ላይ ይጽፍ ነበር። ቁጥሩ ከፊታቸው ነበረ፤ ያነበበው ግን አልነበረም። ምስሎቹም እንደ ፊልሙ አልጠቆሩም።

ካሊፎርኒያ ቀጥላ ሕግ አወጣች፤ ከ2012 ጀምሮ እያንዳንዱ የሲቲ ምርመራ የጨረር መጠን በበሽተኛው ሪፖርት ላይ እንዲጻፍ ግድ ሆነ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲውና የዓለም ጤና ድርጅት ቦን ላይ ተሰብስበው ለበሽተኞች የጨረር ደኅንነት አሥር የሥራ መስኮችን አወጡ። አፍሪካውያን የራዲዮሎጂ ባለሙያዎችም በ2015 አፍሮሴፍ የተባለውን ዘመቻ ጀመሩ።

ከ2009 ወዲህ፦ ትንሽ ጨረር፣ ብዙ ስሌት

በእነዚህ ዓመታት ጨረር መቀነስ የኮምፒውተር ሥራ ሆነ። ቀድሞ ይሠራበት የነበረው ስሌት ፈጣን ቢሆንም ለነጠብጣብ ደካማ ነበር። የኮምፒውተር ጉልበት ሲጨምር ማሽኑ ምስሉን ገምቶ፣ ከተለካው ጋር አስተያይቶ፣ ደጋግሞ የሚያርምበት ስሌት ሥራ ላይ ዋለ፤ ብዙ ምርመራ በቀድሞው መጠን ግማሽ ወይም ከዚያ በታች መሥራት ተቻለ። በ2019 በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ስሌቶች በአሜሪካ ፈቃድ አገኙ። በ2021 ደግሞ እያንዳንዷን የጨረር ቅንጣት ለብቻዋ የሚቆጥር ማሽን ለሕክምና ጸደቀ።

አንድ የቆየ ልማድም ተነቀለ። ለታካሚ የእርሳስ ሽርጥ ማልበስ ለአሥርታት የጥንቃቄ ምልክት ነበር። በ2019 የአሜሪካ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ማኅበር የመራቢያ አካልንና ፅንስን በሽርጥ መሸፈን እንዲቀር መከረ። ሽርጡ ማሽኑ ሊያነሣ ወዳለበት ክልል ከገባ አውቶማቲኩ ሰውየውን እንደ ወፍራም ይቆጥረውና ጨረር ይጨምራል። ጠባቂው ጎጂ ሆነ።

ስጋቱስ? በ2023 ከዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች ከ900,000 በላይ ልጆችንና ወጣቶችን የተከታተለ ጥናት ወጣ፤ በዘመኑ የተለመደ መጠን ሲቲ ከተነሡ 10,000 ልጆች መካከል በሚቀጥሉት አሥራ ሁለት ዓመታት አንድ ወይም ሁለት በጨረሩ ምክንያት የደም ካንሰር ሊይዛቸው እንደሚችል ገመተ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ላለ ልጅ ይህ ስጋት ከቁጥር አይገባም። ሳያስፈልገው ለሚነሣው ግን ትርፍ የሌለው ኪሳራ ነው።

ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ፦ ሦስት መንገድ የሚገናኝበት ከተማ

ሲቲ ስካን ለረጅም ጊዜ ለሰሜን ሰው አዲስ አበባ መሄድ ማለት ነበር። ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና ባሕር ዳር ላይ ይገኛል። ወረታ ደግሞ መገንጠያ ናት፤ አንዱ መንገድ ወደ ባሕር ዳር፣ አንዱ ወደ ጎንደር፣ አንዱ በደብረ ታቦር ወደ ወልድያ። ሪፈር የተጻፈለት ሰው በአንዱ ይሄዳል፤ ወረፋ ሲበዛ ወይም ማሽን ሲበላሽ በሌላው ይመለሳል።

የጨረር ሕጉም አብሮ አድጓል። አዋጅ ቁጥር 571/2000 የ1986ቱን ተካ፤ አዋጅ ቁጥር 1025/2009 ደግሞ እርሱን። በ2014 ዓ.ም. የአስፈጻሚ አካላት አደረጃጀት ሲቀየር የኢትዮጵያ ጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን ሥራ ወደ ኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ተጠቃለለ። የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲው በታዳጊ አገሮች ያካሄዳቸው የሕፃናት ሲቲ ጥናቶች በአንዳንድ ማዕከላት የጎልማሳ መጠን ለልጅ ሲሰጥ አግኝተዋል። በአሜሪካ 2001 ላይ የታየው በታዳጊው ዓለም ከአሥር ዓመት በኋላም አልጠፋም ነበር።

እንደ እኛ ያለ አገር ግን ሌላ ቦታ በብዛት የማይታይ የጨረር ምንጭ አለው፦ የመደገም ጣጣ። በመጀመሪያው ሆስፒታል የተነሣው ፊልም መኪና ውስጥ ይረሳል። ሲዲው ቀጣዩ ሆስፒታል ኮምፒውተር ላይ አይከፈትም። በስልክ ፎቶ የተነሣ ፊልም ለቀዶ ሐኪም አይበቃውም። ሰውየው እንደገና ይነሣል፤ ጨረሩም ወጪውም እጥፍ ይሆናል። ምስሎች ከሆስፒታል ሆስፒታል በመስመር በማይተላለፉበት ቦታ ሁሉ መልእክተኛው አስታማሚው ነው።

ስለዚህ ጨረሩ አይጎዳውም ወይ ብሎ ለሚጨነቅ አስታማሚ የሚጠቅሙት ጥያቄዎች በጣም ተራ ናቸው። አልትራሳውንድ አይበቃም ወይ? በተለይ ለልጅ ሆድና ለነፍሰ ጡር። ባለፈው ወር የተነሣው ይኸው፣ እርሱን ማየት ይቻላል ወይ? የሚነሣው አንድ ዙር ነው ወይስ ሁለት? ልጅ ከሆነ ማሽኑ በልጅ ፕሮቶኮል ተስተካክሏል ወይ? ከዚያም ሪፖርቱ ሲጻፍ ማሽኑ ስክሪኑ ላይ ያሳየው የጨረር መጠን ከግርጌ በአንድ መስመር ቢሰፍር፣ ቀጣዩ ሐኪም በጎንደርም ሆነ በባሕር ዳር ሰውየው እስካሁን ስንት እንደተቀበለ አይቶ ያዛል።